ማስቲሽ፣ ሽንትና የዶሮ ማነቂያው ጫማ ሠሪ

ሥራዬ ሽንት መመርመር ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እናቴ እንኳ በሕይወት ሳለች ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት «ላቦራቶሪ ናት» ብላ ወሬውን ወደ ሌላ ትወስደው ነበር።

ብዙ ሰው የሽንት ምርመራ ሲባል የሚመጣለት ስኳር፣ ኢንፌክሽን ወይም እርግዝና ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቀለም ቀቢው ከቲነር፣ አናጢው ከቫርኒሽ፣ ጫማ ሠሪው ከማስቲሽ ጋር ሲውል የሚተንነውን ይተነፍሰዋል። የተነፈሰውን ሰውነት መልኩን ይለውጥና በሽንት ያስወጣዋል። ያን የተለወጠውን ፈልጎ ማግኘትና መጠኑን መለካት ነው እንጀራዬ። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ የማልረሳው ግን የሰፈራችንን ጫማ ሠሪ ነው።

ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። የጫማ ሠሪው ቤት ከኛ ቤት ሦስተኛው ነበር። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው እዚያው አግብተው፣ እዚያው ወልደው የኖሩ ሰው ናቸው። ከፊት ያለችው ጠባብ ክፍል መሥሪያቸው፣ ከኋላ ያለችው መኖሪያቸው ነበረች። ለመስከረም የምጫማውን ጫማ በየዓመቱ የሚሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ካርቶን መሬት ላይ ያነጥፉና «ቁሚበት» ይሉኛል። ቆሜ እግሬን በእርሳስ ዙሪያውን ሲስሉት ይኮረኩረኛል፤ እስቃለሁ። «አትሳቂ፣ ጠማማ ጫማ ትጫሚያለሽ!» ይሉኛል። ካርቶኑ ላይ የተሳለችውን እግር ከአምናዋ ጋር አስተያይተው «አብሽሪ፣ አድገሻል» ሲሉኝ የዓመቱ ትልቁ ደስታዬ እሱ ነበር። ክፍሏ ሁልጊዜ ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸታለች። ሽታውን እወደው ነበር። ለኔ አዲስ ጫማ ማለት ያ ሽታ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። አለቃዬ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ በካውያ የተተኮሰ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ነገር ናሙናን ለሁለት መክፈል ነው።

«አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለጥርጣሬ» አሉኝ። «የጥርጣሬው ፍሪዘር ይገባል። ሳልፈቅድ አይነካም።»

ፍሪዘሩ ትንሽ ነው፤ ሥራው እጥፍ ይሆንብኛል። እያጉረመረምኩ እከፍል ነበር።

ያኔ ማስቲሽና ቲነር ውስጥ የሚገኘውን ቶሉዊን የሚባለውን ነገር የምንከታተለው በሽንት ውስጥ ሂፑሪክ አሲድን በመለካት ነበር። ቶሉዊን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚለወጠው ወደዚያ ነው። የምንጠቀመው የቀለም ዘዴ ነበር። ሽንቱ ላይ ሁለት ኬሚካል ጠብ ይደረግበታል፤ ሂፑሪክ አሲዱ በበዛ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለው እየቀላ ይሄዳል። የቅላቱን መጠን በመሣሪያ እናነባለን። ከኬሚካሎቹ አንዱ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ነበረው። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ መስኮት ይከፍት ነበር። ከዚያ ደግሞ ክሬአቲኒን የሚባለውን እንለካለን፤ ውሃ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ውጤቱን በሱ እናካክሰዋለን። ዛሬ ይህን ሁሉ ማሽን ይሠራዋል። እኔ ግን ያ በእጅ የሚሠራው፣ በዓይን እያዩ የሚቀላው ነገር ይናፍቀኛል።

በሁለተኛው ዓመቴ እትዬ የፒያሳና የአካባቢው ጫማ ሠሪዎች ሽንት እንዲመረመር አሰቡ። ሰፈሩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ናሙና ሰብሳቢ ተደረግሁ። ለማነጻጸር ማስቲሽ የማይነኩ የጨርቅ ሱቅ ሰዎችንም ጨመርን። እኔም የራሴን ሰጠሁ። ናሙናው የሚወሰደው ቅዳሜ፣ ሥራ ሊያበቃ ሲል ነው። ሰኞ ጠዋት ከሆነ እሑድ ያረፈ ሰው ሽንት ይሆንና የሚያሳየው ነገር ያንሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠርሙሶቼን በቅርጫት ይዤ ከአምስት ኪሎ ቁልቁል ወረድኩ። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ፣ የእግረኛ መንገዱን ከሞላው ነጋዴ ጋር እየተጋፋሁ ሰፈሬ ገባሁ። የአራዳ ልጆች ምን ያህል እንደሚጫወቱብኝ አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

«ዛሬ ደግሞ ሽንትም ግብር ተጣለበት?» አለ አንዱ ሶል ለጣፊ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ እያየ።

ጓደኛው ተቀበለው። «እህት፣ የኔን ብትመረምሪው ድራፍት ነው የምታገኚው!»

መንደሩ በሳቅ ተንጫጫ። ከሁሉም በኋላ የኔ ጫማ ሠሪ ጋ ደረስኩ። ጉልበታቸው ላይ የወንድ ጫማ ደፍተው ማስቲሽ እየቀቡ ነበር። ጠርሙሱን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጨረሻሽ ይሄ ሆነ?»

«ጋሼ፣ ሥራ አይናቅም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ለመሆኑ ሽንቴ ምን ይነግርሻል?»

«ቀኑን ሙሉ የተነፈሱትን።»

«እሱንማ ሳትለኪው እነግርሽ የለ! ማስቲሽ ነው!» ብለው ሳቁና ጠርሙሱን ተቀበሉኝ።

ማክሰኞ ዕለት ቱቦዎቹን ደርድሬ ቀለሙ ሲወጣ ሳይ ከጫማ ሠሪዎቹ ሁሉ የቀላው የእሳቸው ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት የወደድኩት ሽታ እሳቸውን ሲጎዳ እንደኖረ ነው። እትዬ ያን ቀን ስብሰባ ነበሩ። መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ዶሮ ማነቂያ ሄጄ በራቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰውነትዎ በማስቲሽ ተመርዟል። ከሁሉም የባሰው የእርስዎ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጡት። ባለቤታቸው ከኋላ ክፍል ወጥተው «ያ አላህ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። በማግስቱ መሥሪያ ክፍላቸው ተዘግታ አየኋት። በዚያ መንደር ውስጥ ያቺ በር ከኢድና ከአረፋ ውጪ በሥራ ቀን ተዘግታ አይቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ከእትዬ ጋር የቀሩትን ቱቦዎች ስናነብ የጨርቅ ሱቅ ሰዎቹ ውጤት ዝቅተኛ ነበር። በመጨረሻ የኔ ቱቦ ወጣ። ከጫማ ሠሪው ይበልጥ ቀልቷል።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቤትሽ ማስቲሽ ትቀቢያለሽ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ናሙና በሰጠሽበት ቅዳሜ ምን ጠጣሽ?»

አሰብኩ። ሙቀት ነበር፤ ስዞር ደክሞኝ ነበር። «ለስላሳ። ሁለት የብርቱካን።»

እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንዳንድ ለስላሳ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል እንዳለ፣ እሱም ሰውነት ውስጥ ልክ እንደ ቶሉዊን ወደ ሂፑሪክ አሲድ እንደሚለወጥ በእርጋታ አስረዱኝ። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ በራሴ ሽንት እስካየው ድረስ ግን አልገባኝም ነበር።

«ጫማ ሠሪው ምን እንደጠጡ ጠይቀሻል?» አሉኝ።

አልጠየቅሁም። ከዚህም የባሰ ጥፋት እንዳለብኝ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እትዬ አልተቆጡም። «ሂጂና እንዳጠፋሽ ንገሪያቸው» ብቻ አሉኝ።

ያን ቀን ከአምስት ኪሎ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ጫማ ሠሪው በተዘጋው መሥሪያ ክፍላቸው በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ናሙና በሰጡበት ቅዳሜ ከምሳ ጋር ምን እንደጠጡ ጠየቅኋቸው።

«ለስላሳ ነዋ። የማስቲሹን ጣዕም ከአፌ የሚያጠፋልኝ እሱ ብቻ ነው። በየቀኑ እጠጣለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀይ ቀለሙ ከማስቲሽ ይሁን ከለስላሳ መለየት እንደማይቻል፣ ሳላጣራ እንዳወራሁ፣ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ።

«ልጄ፣ ሳምንት ሙሉ ቤቴን ዘግቼ ስለ ሞቴ ሳስብ ነው የሰነበትኩት» አሉኝ። ድምፃቸው አልጮኸም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዱካው ተነስተው ወደ ውስጥ ሲገቡ አንደኛው ነጠላ ጫማቸው ደጃፉ ላይ ቀረ። እሳቸው ግን በባዶ እግራቸው እንደሚረግጡ አላወቁም። ሦስት አራት እርምጃ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ወልቋል።»

ዞረው አዩ። ደነገጡ እንጂ አልተገረሙም። ወደኋላ ተመልሰው እግራቸውን በዓይናቸው እየመሩ ጫማው ውስጥ ከተቱት።

«ከክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ። «መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጣቶቼን ጨርሶ አላውቃቸውም። ስኳር ነው ብዬ ተመረመርኩ፤ ስኳር የለብህም አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።»

በማግስቱ ለእትዬ ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። «የሚቀቡትን ማስቲሽ ቆርቆሮ አምጪልኝ» አሉኝ። አመጣሁት። በዳር በኩል በደቃቅ ጽሑፍ ከተጻፈው ውስጥ በጣታቸው አንዲት ቃል ላይ ቆሙ፦ ሄክሴን።

ሄክሴን የእግርና የእጅ ነርቭ ይጎዳል። የሚጀምረው ከእግር ጣት ነው። በሽንትም የሚፈለገው ሂፑሪክ አሲድ ሳይሆን ሄክሴንዲዮን የሚባል ሌላ ነገር ነው። እኔ ያን ሁሉ ቀን የተሳሳተ በር ሳንኳኳ ኖሬያለሁ።

«ግን ሥራ ካቆሙ ሳምንት አልፏቸዋል» አልኩ። «ከሰውነታቸው ወጥቶ አልቋል።»

እትዬ ወደ ፍሪዘሩ ጠቆሙኝ። እያጉረመረምኩ የከፈልኩት ሁለተኛው ናሙና በረዶ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ምርመራው የኛ ላቦራቶሪ የሌለው መሣሪያ ይፈልጋል። እትዬ አንድ የጥንት የትምህርት ጓደኛቸው ወደሚሠሩበት ሌላ ላቦራቶሪ ደወሉ፤ ለማመሳከሪያ የሚሆነውን ንጹህ ኬሚካል ግን የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ ወራት ፈጀ። እትዬ ውጤቱ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዚያው ሳምንት ጫማ ሠሪውን ወደ ነርቭ ሐኪም ላኳቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ማስቲሽ እንዳይቀቡም አስጠነቀቋቸው።

ኬሚካሉ ሲደርስ ሥራውን እኔ እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ሽንቱን አሲድ ጨምሬ አሞቅሁት። ቀዝቅዞ ሲወጣ የምንፈልገውን ነገር ከሽንቱ ለይቶ በሚወስድ ፈሳሽ ናጥሁት። ሁለቱ ከላይና ከታች ሆነው ሲለያዩ የታችኛውን ጠብታ በጠብታ ቀዳሁ። ከዚያች ጥቂት በቀጭን መርፌ ወደ መሣሪያው ወጋሁና የመሣሪያው እስክሪብቶ መስመር የሚስልበትን ወረቀት ማየት ጀመርን። እስክሪብቶው መሬት ለመሬት ሲሄድ ቆየ። ከዚያ ተነሳ። ልክ ንጹሁ ኬሚካል በወጣበት ደቂቃ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሾጣጣ ተራራ ሠርቶ ወረደ። የጨርቅ ሱቅ ሰዎቹን ስናይ እዚያ ቦታ ላይ ያለው እብጠት ኢምንት ነው። የኔም እንደዚያው።

«ልንገራቸው?» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ ድገሚው» አሉኝ እትዬ።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አልተለወጠም። ከዚያ አብረን ሄድን። እትዬ የእጅ ቦርሳቸውን በደረታቸው ታቅፈው በዚያ ጠባብ መንገድ እየተጠነቀቁ ሲራመዱ፣ ከጫማ ሠሪው ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያስረዱ፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

«ይድናል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ከማስቲሹ ከራቁ ቀስ እያለ ይመለሳል። ግን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ከራቁም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሊብስ ይችላል። ሐኪሙም ይህንኑ ይነግሯችኋል። ያኔ ተስፋ እንዳትቆርጡ።»

ጫማ ሠሪው ማስቲሹን ተዉት። ሶሉን እንደ ድሮው በወስፌና በሰም በተቀባ ክር ይሰፉ ጀመር። አንድ ጫማ ለመጨረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ ረዘመ። የባሰውም እንደተባለው መጣ። ምርኩዝ ያዙ። የእጃቸው ጣቶች ደነዘዙና የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ሆኑ። አንድ ቀን ስጠይቃቸው ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ።

«እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ነው የባሰበት» አሉኝ። «ከማስቲሹ ጋር እያለ ቢያንስ ይሄድ ነበር።»

እትዬ አስቀድመው መናገራቸውን ላስታውሳቸው ፈልጌ ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። ለብዙ ሳምንት በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ። ወደ እናቴ ቤት ለመግባት በላይ በኩል ዞሬ እመጣ ነበር።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጫማ ሠሪው ነበሩ።

«ዛሬ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሳደርግ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል፤ «እግሬ ላይ ውሃ ሳፈስ፣ ወላሂ ልጄ፣ ቀዘቀዘኝ። ትልቁን ጣቴን ቀዘቀዘኝ! ደግሜ አፈሰስኩበት። ደገምኩ። ጀሪካኑን ጨረስኩት።»

ከኋላ ባለቤታቸው «ስለ ተናገርኩት ይቅር በይኝ በላት» ሲሉ ይሰማኛል። የናሙና መቅጃ ፒፔቱን እንደያዝኩ ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬ ምን ሆነሽ ሳይሉ መጥተው ፒፔቱን ከእጄ ወስደው ሥራዬን ቀጠሉልኝ።

ያለ ምርኩዝ መራመድ እስኪችሉ ከዓመት በላይ ፈጀ። የአንደኛው እግር ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ እንደደነዘዙ ናቸው። ከሰፈሩ ጫማ ሠሪዎች አንዳንዶቹ መቀቢያቸውን ወደ በረንዳ አወጡ፤ አንዳንዶቹ ግድግዳ ቀደው መስኮት አበጁ። ያልሰሙንም ነበሩ። ያ ድራፍት ታገኛለሽ ያለኝ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቀው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ «ዛሬስ አልፈለግሽኝም?» ይለኝ ነበር።

እትዬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ላቦራቶሪያችን አሁን የራሱ መሣሪያ አለው፤ ሽታውም ጠፍቷል። እኔ ለወጣቶቹ ናሙና ለሁለት ክፈሉ ስላቸው ሲያጉረመርሙ እሰማቸዋለሁ።

ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የእናቴም ቤት፣ የጫማ ሠሪውም ቤት በቦታው የለም። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ቆሜ የኛ ደጅ የቱ ጋ እንደነበረ ለመገመት ሞከርኩ፤ የማውቀው ግንብም ዛፍም ስላጣሁ መንገዴን ቀጠልኩ።

ጫማ ሠሪውና ባለቤታቸው አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ባለፈው አረፋ ጠሩኝና ሄድኩ። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ማን የት እንደገባ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ማን ሰሚት፣ ማን ገላን፣ ማን ለአገሩ አፈር እንደበቃ። ከዚያ ጠባቧን መንገዳችንን ከአስፋልቱ ጀምረን ቤት በቤት መቁጠር ጀመርን። እኔ ከመግቢያው ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ነው አልኩ።

«ልብስ ሰፊው? ኧረ ጸጉር አስተካካዩ ነው!» አሉ ጫማ ሠሪው።

«ልብስ ሰፊው ነው ጋሼ፤ እናቴ የዩኒፎርሜን ቀሚስ ስታሰፋ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ አስፋልቱ ይታየኝ ነበር።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት በዚያ በር ያለፍኩ ሰውዬ እያለሁ?»

ባለቤታቸው የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰቡ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አሉ። «መጀመሪያ ያለችው ያቺ ከሰል ሻጭ ናት። ልብስ ሰፊው በኋላ ነው ከሷ ላይ ቆርሶ የተከራየው።»

እኔና ጫማ ሠሪው ተያየን። ልክ ነበሩ። ከከሰል ሻጯ ጀምረን እንደገና መቁጠር ጀመርን።